ለዳኛው የተሰፋ መጋረጃ

እስቲ ንገሩኝ፤ የሰውን ቤት ጨለማ ነጥቆ ለመውሰድ ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ ነው?

መጋረጃ ሰፊው ይህን በጠየቀ ቁጥር ሰው ይስቅበታል። ይሳቅ። ከጎረቤቱ መስመር ውሃ የጠለፈ ይከሰሳል፤ የሰው አጥር የገፋ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ የሰው ሌሊት የወሰደ ግን ሪባን ይቆረጥለታል፣ ይጨበጨብለታል። ከመጋረጃ ሰፊው ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ ግንባር ላይ፣ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን የተሰቀለ ቀን ከረባት ያሰሩ ሰዎች መጥተው አጨብጭበው ሄደዋል። የሄዱት ወደየቤታቸው ነው። ቤታቸው ሌላ ሰፈር ነው።

ስክሪኑ የሚያስተዋውቀው ምን መሰላችሁ? ፍራሽ! አንዲት ሴት ታዛጋለች፣ ትጋደማለች፣ ፈገግ ብላ ዓይኗን ትከድናለች፤ ከዚያ የሰው ቁመት ባላቸው ፊደላት «ጥሩ እንቅልፍ መብትዎ ነው!» የሚል ይመጣል። ከዚያ ስክሪኑ ወለል ብሎ ነጭ ይሆንና ሴትዮዋ እንደገና ታዛጋለች። በየሃያ ሰከንዱ፣ ከምሽት እስከ ንጋት። ዓይን ያወጣ ማለት ይህ ነው፤ ሰው እንዳይተኛ እያደረጉ እንቅልፍ መሸጥ።

መጋረጃ ሰፊው የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እናታቸው እሱ ገና ዳዴ ሲል ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። «እትዬ» ይላታል፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቶትም እትዬ ናት። እትዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ በእጇ ገመድ እየነቀለችና እየሰካች የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ስታገናኝ ኖረች። «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» የሚለው ድምፅዋ ማር ስለነበር፣ የሚፈልጉትን ሰው ስም ሆን ብለው የሚረሱ ወንዶች ነበሩ ይባላል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አገር ስታገናኚ ለራስሽ አንድ ባል አላገናኘሽም» ይላት ነበር ወንድሟ።

«ያንተን ቂጥ ሳጥብ መስመሩ ተያዘ!» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ዛለ፣ አፏ ተቆለፈ። ትሰማለች፣ ይገባታል፤ ቃሉ ግን ከጉሮሮዋ በታች የሆነ ቦታ ወድቆ ቀረ። ሌላም ነገር መጣባት፤ የተዘጋ መስኮት ማየት አትችልም። መጋረጃ ከተሳበ ደረቷ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ በደህናው እጇ ጨርቁን ይዛ ትጎትታለች። ሁለት ጊዜ ከነዘንጉ አውርዳዋለች። እናም የከተማውን መስኮት ሁሉ የሚያለብሰው ሰው የራሱ ቤት መስኮት እርቃኑን ቀረ።

ወፉ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ቤት የለቀቀ ጎረቤት ከነሽቦ ጎጆው ትቶላቸው የሄደው ትንሽ በቀቀን ነው፤ ግራጫ፣ ጉንጮቹ ላይ ብርቱካን የመሰለ ክብ ያለበት፣ ግንባሩ ላይ ላባ የቆመለት። አይናገርም፤ ያፏጫል። ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር «ፊው!» ብሎ ስለሚያቋርጥ፣ ስሙ ዳኛው ሆነ። መጋረጃ ሰፊው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ስለሆነ በቀን ሃያ ጊዜ ይነፋበታል። እትዬም በጣቷ እያመለከተችበት፣ ቀይ ካርድ የመዘዘች መስላ፣ ባልተጣመመው ከንፈሯ ትስቅበታለች።

የንግግር ሐኪሟ ይህን ስትሰማ «ታፏጭ» አለች። «ከወፉ ጋር ታፏጭ። ከንፈርና እስትንፋስ ከተስማሙ ቃል ሊከተል ይችላል። እኔ በሳምንት አንዴ ነው የማገኛት፤ እሱ ቀኑን ሙሉ አብሯት ነው።»

እንግዲህ የእትዬ አፍ ተስፋ አንድ ጭብጥ በማይሞላ ወፍ ላይ ተንጠለጠለ። ጠዋት ጠዋት ዳኛው ሁለት ድምፅ ያፏጫል፤ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ያለ። እትዬ ትመልሳለች። መጀመሪያ ምራቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ነፋስ ሆነ። ከዚያ ፉጨት ሆነ። ዓመት ሲሞላ፣ አንድ ጠዋት፣ ከፉጨቱ ቀጥሎ «ሃ—» የሚል ነገር ወጣ። ወንድሟ በር ላይ እንደቆመ ጫማውን በእጁ ይዞ ቀረ። «ሃ—» ምን እንደሆነ ያውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀን ሺህ ጊዜ ያለችው ቃል ግማሹ ነው። የቀረው «ሎ» ብቻ ነው።

ስክሪኑ የተሰቀለው በዚያው ወር ነው።

እትዬን የሐኪም ክኒን ያስተኛታል። ዳኛውን የሚያስተኛው ጨለማ ብቻ ነው። ብርሃኑ ወለል ባለ ቁጥር ብድግ ይላል፣ ክንፉን ያራግባል፣ ሽቦው ላይ ይላተማል። በሁለተኛው ሳምንት ደረቱን መንጨት ጀመረ። ጠዋት ከወለሉ ላይ ላባ ይጠረጋል። ፉጨቱ መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ቆመ። እትዬ በየጠዋቱ ከንፈሯን አሹላ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። በወሩ እሷም ተወችው። «ሃ—»ም ተመልሶ ወረደ።

ክፍል እንዳይቀይሩለት፣ ሁለቱም ክፍሎች ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ማድ ቤቱ መስኮት የለውም፤ የጋዝ ሽታ ይገድለዋል። ደግሞ ጎጆው ከዓይኗ ከራቀ እትዬ ታለቅሳለች።

መጋረጃ ሰፊው ለከተማው የፈቃድ ክፍል ጽፎ አመለከተ። ማኅተም ተመታለት። ወር ጠብቆ ሄደ።

«ወፍ ነው ያሉኝ?» አለ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ፣ እንደገና እያነበበ።

«ወፍም አለ፣ ሰውም አለ። የታመመች እህት አለችኝ።»

«እሳቸው አይተኙም?»

«ይተኛሉ፣ በክኒን። ወፉ ነው የማይተኛው።»

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ለወፍ የወጣ መመሪያ የለንም።»

«ለሰው የወጣውን አሳየኝ እስቲ!»

ጸሐፊው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ማኅተም ተመታለት።

መፍትሔው የመጣው ከስፌት ቤቱ ነው። እዚያ አብራው የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ሥራዋ የተሰፋውን መጋረጃ በካውያ መተኮስ ነው። ጨርቅም ሰውም ስለምትተኩስ ተኳሿ ይሏታል።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትሠራው ምንድን ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ በእንፋሎቱ መሃል።

«መጋረጃ።»

«ታዲያ ወፉን አልብሰዋ! መስኮቱን እህትህ እምቢ ካሉ ጎጆውን አልብስ። አክስቴ ወፎቿን ማታ ማታ በነጠላ ትሸፍናቸው ነበር፤ እስኪነጋ ጭጭ ነው።»

መጋረጃ ሰፊው ራሱን በመዳፉ መታ። ያን ዕለት ማታ በአንሶላ ሸፈነው። ግን ከመስኮቱ የሚገባው ነፋስ አንሶላውን ከሥር ያነሳዋል፤ ባነሳው ቁጥር ብርሃኑ እንደ ቢላ ይገባል፤ ዳኛውም ከቀድሞው ብሶ ይደነግጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን በልብስ መቆንጠጫ ይዞት ይተኛ ነበር። እሱ ግን ባለሙያ ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። በነጋታው ከትልልቅ ሆቴሎች ትዕዛዝ ተርፎ የተቀመጠውን ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ አወጣ። የጎጆውን ዙሪያና ቁመት ለካ። አናቱ ላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ተወ፣ ገበር አለበሰው፣ ስፌቱን ደብቆ ዘመዘመ። በመጨረሻም ግርጌው ውስጥ፣ ዙሪያውን፣ ክብደት አስገባ።

ክብደት የሚሉት በክር ተሰክቶ የሚመጣ እርሳስ ነው፤ የሚጻፍበት ሳይሆን ከባዱና ለስላሳው ብረት፣ እንደ ስንዴ ፍሬ የደቀቀ። ጥሩ መጋረጃ ግርጌው ውስጥ ይህ አለው፤ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ፣ ነፋስ እንዳያነሳው። መጋረጃ ሰፊው በዚህ ጉዳይ ሃይማኖተኛ ነው። «ክብደት የሌለው መጋረጃ መጋረጃ አይደለም፤ ለመድረቅ የተሰጣ አንሶላ ነው» ይላል፤ ደንበኛ ሲከራከረው ጨርቁን ነጥቆ እስከ መመለስ ይደርሳል።

«ለዚህች ወፍ እርሳስ ምን ያደርግላታል?» አለች ተኳሿ ስትተኩሰው። «ቬሎ እኮ ነው የሰፋህላት! መዳር ነው የቀረህ።»

«ሥራ ሥራ ነው። ለንጉሥም ለወፍም አንድ ነው።»

ኮርቶ ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ ኮርቶ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጎጆውን አለበሰው። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከወለሉ ሽቦ ጋር ተገናኘ። ከማዶ ሴትዮዋ አዛጋች፤ ክፍሉ ነጭ ሆነ፤ ጎጆው ግን ጥቁር እንደሆነ ቆመ። ከውስጡ አንድ ጊዜ ኮሽ አለ፣ ከዚያ ጸጥ። እትዬ በደህናው እጇ የወንድሟን እጅ ያዘች።

በአራተኛው ጠዋት መጋረጃውን ሲያነሳ ዳኛው ራሱን አራግፎ «ፊው—ፊው!» አለ። እትዬ መለሰች። በአሥረኛው ጠዋት ከፉጨቱ ቀጥሎ «ሃ—» አለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቷ ላይ ሥር ተገተረ፤ «ሎ» አለች። ከዚያ አገጣጠመችው።

«ሃሎ።»

መጋረጃ ሰፊው ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። «አቤት እትዬ! አቤት! መስመሩ ገባ!» እያለ። ዳኛው ስለ ጩኸቱ ነፋበት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ ስፌት ቤት ገብቶ ለተኳሿ ነገራት፤ እሷም ካውያውን ጨርቅ ላይ ረስታ የአንድ ደንበኛ መጋረጃ አቃጠለች። ያን ቀን ማንም አልተቆጣም።

በሁለተኛው ሳምንት መጋረጃ ሰፊው ግርጌው በአንድ በኩል መዛባቱን አየ። ጠጋ ብሎ ሲያይ ጨርቁ ተተልትሎ፣ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ከእርሳሱ ሁለት ፍሬ ጎድሏል። ዳኛው ንጋት ላይ ነቅቶ በሽቦው መሃል ምንቃሩን እያሾለከ ሲያኝክ ኖሯል።

«አየሽ እትዬ፣ ነፍስ ዘራ! ይጫወታል!» አለ።

የጎደሉትን ፍሬዎች ከወለሉ ጥራጊ ጋር ወጥተው ይሆናል ብሎ አልፈለጋቸውም። ከኪሱ ሁለት አዲስ ፍሬ አውጥቶ ተካ፣ ስፌቱን ደገመ። ግርጌ ተዛብቶ ማየት አይችልማ። ከአምስት ቀን በኋላ ሦስት ጎደለ፤ ሦስት ተካ። ቀጥሎ ሁለት፤ ሁለት ተካ። በእጁ፣ በመርፌው፣ እያፏጨ።

በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። ይህ በሬ ካራጁ ጋር ያፏጭ ነበር።

ዳኛው መብላት ቀነሰ። ከዚያ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ጀመረ፤ ከእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ወለል ላይ ይቀመጣል። ኩሱ አረንጓዴ ሆነ። ፉጨቱ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ድምፅ ቀርቶ አንዱ ብቻ ቀረ። እትዬ «ሃሎ» ትለዋለች፤ ቃሏ ገና ልምሾ ስለሆነ መልስ ካላገኘ አይደገምም። አንዴ ብላ ጆሮዋን ሰጥታ ትቀመጣለች።

መጋረጃ ሰፊው ይህን ሁሉ አይቶ የደረሰበት ድምዳሜ ምን ነበር? ብርሃኑ! ከየት እንደሚገባ አያውቅም እንጂ እየገባ ነው። የተናደደ ሰው ጠላቱን አንድ ጊዜ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ሦስተኛውን ደብዳቤ ጻፈ፣ ይህን ደግሞ በቀይ አሰመረበት። መጋረጃውን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ማልበሱን ትቶ ከአሥር ሰዓት ጀመረ፤ ጠዋትም አርፍዶ ማንሳት ያዘ። «ይረፍ» እያለ። ጨለማውን ባረዘመ ቁጥር ዳኛው ከእርሳሱ ጋር የሚያሳልፈውን ሰዓት አረዘመ።

ተኳሿ ነች በመጨረሻ የጮኸችበት። እትዬን ልትጠይቅ መጥታ ጎጆውን ገልጣ አየች።

«ይሄ እንቅልፍ ማጣት አይደለም! ይሄ በሽታ ነው። ሐኪም ቤት ውሰደው፣ ዛሬውኑ!»

«ሐኪም ብርሃን ያጠፋል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ንዴትህን ለአንድ ቀን አውልቀህ እዚህ ስቀለውና ወፉን ውሰድ!»

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ዳኛውን በፎጣ ይዛ ሆዱን በራጅ አነሳችው፤ ፎቶውንም ብርሃን ላይ ሰቀለችው። የዳኛው አጥንት እንደ ክር የቀጠነ ነው። በአጥንቱ መሃል፣ ሆዱ ውስጥ፣ አራት ነጫጭ ነጥቦች ጨረር መስለው ያበራሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ወፍ ብረት የት ያገኛል?»

«ብረት?»

«እርሳስ ይመስለኛል። ዓሣ አጥማጅ ነዎት? መረብ የሚያሰምጡት በእርሳስ ነው።»

መጋረጃ ሰፊው ፎቶውን አየ። ፍሬውን ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት በጣቶቹ መሃል ያሽከረከረውን ፍሬ በጨለማም ይለየዋል። እጁ ሳይታዘዝ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ፤ እዚያም መለዋወጫ የያዛቸው ፍሬዎች ተንኮሻኮሹ። አንዱን አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

ሐኪሟ ፍሬውን አየች፣ እሱን አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሳምንት በፊት ቢመጣ መድኃኒት ነበረው። አሁንም እሞክራለሁ። እርሳስ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ነርቭ ነው የሚይዘው።»

ሞከረች። ዳኛው በማግስቱ ጠዋት ሞተ። ሐኪሟ ምክንያቱን ጽፋ፣ ፈርማ፣ ወረቀቱን ሰጠችው። ለምን እንደጠየቃት እሱም አያውቅም፤ ወረቀት የለመደ ሰው ነው።

ቤት ሲገባ እትዬ ተኝታ ነበር። ባዶውን ጎጆ ቦታው ላይ ሰቀለ። ባዶነቱን ማየት አልቻለም። ያንን መጋረጃ አነሳና አለበሰው። ግርጌው ቀጥ ብሎ ወረደ።

እትዬ ስትነቃ ጎጆውን አየች፣ ወንድሟን አየች። ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችው። ታሞ ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው ማለቷ ነው።

ዝም አለ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አለ፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቁ ሥር እጁን እየሰደደ እህል የሚቀይር መሰለ። ዘጠኝ ቀን እትዬ በሹክሹክታ እንኳ አልተነፈሰችም፤ ወፉ እንዳይነቃ የምትቀመጥበትን ጋሪ ስትገፋ ጎማው እንዳይጮህ ትጠነቀቃለች። ሰው ደረጃ ላይ ጮክ ብሎ ካለፈ ግንባሯን ትቋጥራለች። አፏን ሊከፍት የመጣው ወፍ ሞቶ አፏን ዘጋው፤ ዘጊውም ጨርቅ የወንድሟ እጅ ሥራ ነው። እሱ ስፌት ቤት ገብቶ መቀስ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። አንዲት ደንበኛ ለልጇ ክፍል መጋረጃ አዝዛ «ግርጌው ላይ ክብደት ይግባበት አይደል?» ብትለው ከመቀመጫው ተነስቶ ወጣ።

«ንገራቸው» ትለዋለች ተኳሿ።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

«ብርሃኑ ገደለው እላታለሁ።»

ተኳሿ ካውያውን አቆመች። «ግማሹን ብቻ ከተናገርክ አንተም እንደ ባለ ስክሪኖቹ ነህ። እነሱም ግማሹን ነው የሚናገሩት፤ ፍራሽ ፍራሹን።»

በአሥረኛው ቀን የሰፈሩ ሰው ወደ አዳራሽ ተጠራ። ጉዳዩ ምን መሰላችሁ? ሁለተኛ ስክሪን ሊሰቀል ስለሆነ የነዋሪው «አስተያየት» ሊሰማ ነው። መጋረጃ ሰፊው ማኅተም የተመታባቸውን የሦስቱን ደብዳቤዎች ቅጂ ይዞ ሄደ። እትዬን ብቻዋን መተው ስለማይቻል ተኳሿ ጋሪዋን እየገፋች አመጣቻትና ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። እሱ ከኋላ እንድትሆን ፈልጎ ነበር። እትዬ ግን መድረኩ ላይ የነበረውን ማይክራፎን አይታ ወደ ፊት አመለከተች፤ የድሮ ሥራዋ ነገር ነው።

የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ስለ ከተማው ውበት ተናገረ። ጥያቄ ካለ አለ። መጋረጃ ሰፊው ተነስቶ ማይኩን ተቀበለ።

«ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ መልስ አልመጣም። ያ ብርሃን እንቅልፍ ነሳ፣ ላባ አስነጨ፣ የቤቴን ወፍ...» እትዬን ላለማየት ጣሪያውን አየ። «ያ ብርሃን የቤቴን ወፍ ገደለ።»

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኃላፊው ፈገግ አለ፤ የለመደ ፈገግታ ነው።

«እናዝናለን። ለመሆኑ በብርሃኑ ምክንያት መሞቱን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ አለዎት?»

አለው። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ከፍሬዎቹ ጋር ተጣጥፎ አለ። «የለኝም» ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ የዚያኔ ውሸታም ባይባልም ቂል ይባላል። ወይም ያነባል።

ዝቅ ብሎ እትዬን አየ። እትዬ እያየችው ነው። ጣቷ ከንፈሯ ላይ አልነበረም። ደህናው እጇ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ ወድቋል።

ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ። «የሞት ምክንያት፣ የእርሳስ መመረዝ» ይላል። ድምፁ በማይኩ ውስጥ የሌላ ሰው መሰለ።

«እንግዲያው ብርሃኑ አይደለማ!» አለ ኃላፊው፣ እጁን ዘርግቶ፣ እንደተገላገለ።

«ቆይ! አልጨረስኩም» አለ መጋረጃ ሰፊው። «እርሳሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከብርሃናችሁ ልጋርደው ብዬ መጋረጃ ሰፋሁለት፤ ግርጌው ውስጥ እርሳስ ጨመርኩ፤ ሲበላው ተጫወተ ብዬ ተካሁለት። ሰባት ፍሬ፣ በገዛ እጄ። ሲታመም ጨለማውን አረዘምኩለት። ከዚያም ሞቶ እያለ ባዶ ጎጆ ሸፍኜ፣ ዘጠኝ ቀን እህቴን ተኝቷል ብዬ አታለልኳት። እትዬ፣ ዳኛው ሞቷል። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

የሚስቅ አልነበረም። እትዬ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ከንፈሯ አንድ ጊዜ ሾለ፣ ሊያፏጭ እንዳለ ሰው፤ ከዚያ ተፈታ። ፊቷ ላይ የነበረ አንድ ነገር ጠፋ፤ ወንድሟ ሲጠፋ አየው፤ ተመልሶ እንደማይመጣም አወቀ። ተኳሿ ትከሻዋን ያዘቻት። እትዬ ግን ከወንድሟ ዓይኗን ነቅላ ኃላፊውን ማየት ጀመረች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጆሮዋን ሰጥታ፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ስልኩን እስኪያነሳ የምትጠብቅ ይመስል ነበር።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «በእውነቱ አሳዛኝ ነው። ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡና—»

«በጽሑፍ?» መጋረጃ ሰፊው ሦስቱን ደብዳቤዎች ከፍ አደረገ። የሚያፏጭበትና ዝም የሚያሰኘው የለም። «ጽፌያለሁ! እኔ የእኔን ጥፋት በእህቴ ፊት፣ በጎረቤቶቼ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ እሷን የማይበት ዓይን የለኝም። የእናንተንስ ማን ይናገራል? ከመስኮቴ ፊት ያንን መብራት የፈቀደው ማን ነው? ደብዳቤዬን አንብቦ መሳቢያ ውስጥ የከተተው ማን ነው? ስም እፈልጋለሁ። ነገ አይደለም፣ በቢሮ አይደለም፣ በማኅተም አይደለም። አሁን፣ እዚህ፣ በዚህ ማይክ፣ ይቺ ሴት እየሰማች!»

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከኃላፊው ፊት አስቀመጠው።

«ሃሎ! መልሱላት!»